ሬዲዮ የተዘጋበት ቅዳሜ

የእህቴን ባል ሰፈርተኛው ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ዕድሜውን የጨረሰው በፀጉር አስተካካይነት ነው፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጥጉ በተሰነጠቀ መስታወት ፊት፣ ከፍ በል ሲሉት ዝቅ በሚል ወንበር ጀርባ ቆሞ የሰው ራስ ሲያገላብጥ ኖረ። መቀሱ አልፎ አልፎ ያርፍ ነበር፤ ምላሱ ግን አያርፍም። እንዲያውም ምላሱ የሚበረታው መቀሱ ሲያርፍ ነው፤ ወሬው ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለቱንም እጆቹን ካላነሳ መናገር አይሆንለትምና።

«ሬዲዮ እንኳ ዜናው ሲያልቅ ዘፈን ያሰማል» ይለው ነበር አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው።

«ታዲያ መቼ አለቀና!» ይላል እሱ፣ የተላጨ አንገት ላይ ፓውደር እየነሰነሰ።

አንድ ጊዜ፣ አንዱን በር ለሁለት ሰው ስለሸጠ አጎቱ ሲያወራ ደንበኛው መሥሪያ ቤት ይረፍድበታል። ሰውየው ቀኝ ጎኑ ተከርክሞ ግራው እንደ ጎፈረ ኮፍያውን ደፍቶ ሮጠ። በነጋታው ገና ሱቁ ሲከፈት ተመልሶ መጣ። ሬዲዮ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ቢከፍት፣ «ፀጉሩን ተወው፤ በሩን መጨረሻ ላይ ማን ወሰደው?» አለው ይባላል። ይባላል የምለው ወሬውን የሰማሁት ከራሱ ከሬዲዮ ስለሆነ ነው።

በኋላ እግሩ ከዳው። የባቱ ደም ሥሮች አበጡና ሐኪሙ ቆሞ መዋልን ከለከለው፤ ሱቁን ሙያ ላስተማረው ወጣት አስረክቦ ቤቱ ገባ። ሐኪሙ የከለከለው መቆምን ብቻ ነው። የተወሰደበት ግን ጆሮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየተፈራረቀ ከፊቱ የሚቀመጥ፣ አንገቱ በፎጣ ታስሮ የትም የማያመልጥ የሰው ጆሮ። ሰው ከሥራው ሲለይ ምን እንደሚያጣ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ማለዳ የመነሳት ልማድ ቀስ በቀስ ይለቅቃል፤ ወንበሩም መቀሱም ይረሳል። የማይረሳው ያ ሥራ እኛ ሳናውቀው ሲመግበው የኖረው የነፍሳችን ክፍል ነው። እሱ ይራባል፤ የራበውን ነገር ስሙን አናውቀውም። የሬዲዮ ነፍስ ቀለቧ አድማጭ ነበር። አንድ ቀን ቤታቸው ስገባ ከማንቆርቆሪያው ጋር ሲነጋገር አገኘሁት። «ምን ያንጨረጭርሃል፣ ገና አልፈላህም እኮ» እያለ ይመክረዋል። የጎረቤቱ ውሻ እንኳ ሲያየው አጥር አጥሩን ታኮ ማለፍ ጀምሮ ነበር።

ታናሽ እህቴ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖሯ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጡረታ እስክትወጣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ዝምታ ጠብቃ ደመወዝ የበላች ሴት። የተዋወቁትም እዚያው ነው። ዝናብ ሸሽቶ ይገባና በሩ አጠገብ የቆመውን ሰው ማዋራት ይጀምራል። ደጋግማ «እሽ!» ብትለው አልሰማ ሲላት ተነስታ ሄደች፤ ጠጋ ብላም «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት መናገር የሚፈቀድለት መጽሐፍ ብቻ ነው» አለችው።

«እንግዲያው እኔን ተዋሺኝ፤ በጊዜዬ እመለሳለሁ» አላት።

እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ጡረታ ስትወጣ ወፍ ማየት ጀመረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቆችና የእርሻ ማሳዎች አሉ፤ በብርድ ወራት ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ያርፉባቸዋል። እነሱን የሚከታተል አንድ ማኅበር አለ፤ እህቴ እዚያ ገባች። የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ገዛች፣ ወፍራም ጫማ ገዛች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት መጥፋት ጀመረች። እኔም ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ «ጋሼ፣ መጽሐፍህ ውስጥ ሻግተህ ልትቀር ነው» እያለች ትጎትተኝ ጀመር። እኔን ስትወስድ ሬዲዮን ትታ መሄድ አልቻለችም። የምንሄድባት መኪናም የእሱ ናት፤ ጩኸቷ ከባለቤቷ የማይተናነስ አሮጌ መኪና።

አብሮን በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉድ ፈላ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ቃል እንደ ሜትር ለክቶ የሚያወጣ ሰው። የዝይ መንጋ ከማሳው ማዶ ቀስ በቀስ እየጋጠ ወደ እኛ እስኪደርስ ቁጥቋጦ ሥር አንበርክኮን ያን ሁሉ ሰዓት አስጠበቀን። ዝይዎቹ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሬዲዮ ተነስቶ ቆመና «መጡላችሁ!» አለ። ማሳው እንዳለ ወደ ሰማይ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ጉልበቱን አራግፎ፣ «በጣም ጥሩ ድምፅ አለዎት» አለውና ሄደ። እህቴ ያን ቀን እስክንመለስ ድረስ አንገቷን አላቀናችም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሕግ ወጣ።

«ስማ» አለችው። «ከመኪና ከወረድን ጀምሮ ተመልሰን እስክንገባ አንዲት ቃል ከአፍህ ብትወጣ፣ ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትህ ትቀመጣለህ። እኔና ጋሼ በአውቶቡስ እንሄዳለን።»

«ማስነጠስስ?»

«ማስነጠስ ቃል አይደለም።»

«እኔ ሳስነጥስ ቃል አለው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና በልጅነቴ ስታስለምደኝ...»

«ጋሼ፣ አንተ ምስክር ነህ።»

«ምስክር ነኝ» አልኩ።

«ጋሼ! እርስዎም?» አለና መሪውን ጨብጦ ቀረ።

በቀልድ ይመስል ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም። ከሳምንቱ ቀኖች ሁሉ የቀረችለት ያቺ ቅዳሜ ናት። ስንሄድ መኪና ውስጥ ያወራል፣ ስንመለስ ያወራል፣ በመካከሉም ከሚስቱ ጎን ይራመዳል። እሷ እቤት ስትሆን የወፍ ሥዕል ታገላብጣለች፤ ስትወጣ ወፍ ፍለጋ ነው። ወደሷ ዓለም ለመግባት የተከፈተለት በር ያ ብቻ ነበር። ለመግቢያ የተጠየቀው ደግሞ ያለውን አንድ ንብረት ደጅ አስቀምጦ መግባት ነው።

ስንደርስ ጉም ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ አርፎበት ጫማችን ሥር እንደ ደረቅ ዳቦ ይንኮሻኮሻል። ትልቁ ሐይቅ ሰው እንደተነፈሰበት መስታወት ደብዝዞ ተኝቷል። ማኅበርተኞቹ በትልቁ ሐይቅ ወዲያ ማዶ ተሰማርተዋል፤ እኛ ሦስታችን በወዲህኛው በኩል ሸምበቆውን ይዘን ተጓዝን። ፀሐይ ጉሙን እየገለጠች ስትመጣ ወፎቹም አብረው ተገለጡ። አንድ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን እግሩን የረሳው ይመስላል። ሁለት ቁራዎች አንድ ጭልፊት ላይ ዘምተው ከማሳ ማሳ ያሳድዱታል። የዳክዬው ቁጥርና ጫጫታ ደግሞ ገበያ ነው።

ሬዲዮ ቃሉን ጠበቀ። አፉ ዝም ይበል እንጂ ፊቱ ያወራ ነበር። ቅንድቡ ይነሳል፣ ጉንጩ ይነፋል፣ ቁራዎቹ የጭልፊቱን ላባ ሲነጩ ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ «አዩልኝ ጋሼ!» ይላል። ለሻይ ስንቀመጥ እህቴ ከፔርሙዙ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ። ደግማ ቀዳች፤ ደግሞ ጠጣ። አፉ ሥራ ስለፈታ ይሆናል፣ የፔርሙዙን ግማሽ ብቻውን ጨረሰው። የተቀቀለ እንቁላል ሲልጥ አንዳች የእንቁላል ታሪክ ትዝ ብሎት ኖሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ታሪኩን ከነአስኳሉ ዋጠው። እህቴ ወደ ሌላ ዞራ ፈገግ ስትል አየኋት።

«እንዲህ መሆን ከቻልክማ የት ከርመሃል?» አለችው።

እሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽ» አላት፤ ድምፅ ሳያወጣ።

ከሻይ በኋላ ዛፎች የከበቧት ትንሽ ሐይቅ ጋ ደረስን። እህቴ ቀድማን ትሄድ ነበር፤ ድንገት ቆመች። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ እኔንም አስቆመችኝ፤ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ ከዚያ በሆዷ ተኛች። በዕድሜዋ በውርጭ ላይ በሆዷ ስትተኛ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ነጭ ጉንጭ» አለች፤ ድምፅዋ ከእስትንፋስ አይበልጥም።

ነጭ ጉንጭ ማለት አንዲት የዳክዬ ዘር ናት። በዚያ አካባቢ ከታየች ዘመን አልፏል፤ ከማኅበሩ ሰዎች በሥዕል እንጂ በዓይኑ ያያት የለም። እህቴ ወፍ ማየት ከጀመረች አንስቶ የምትመኘው እሷን ነው። ሥዕሏ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ፣ ከማብሰያው በላይ ተለጥፎ በእንፋሎት ተጨማዷል። መነጽሬን አነሳሁ። እውነትም ጥቁር ራስ፣ ወተት የመሰለ ጉንጭ፣ ቡናማ ደረት። ቀስ ብላ ወደ ግራ ትንሳፈፋለች፤ ትቆማለች፤ ደግሞ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ትመለሳለች። ሌሎቹ ዳክዬዎች እየጠለቁ፣ እየተነካከሱ፣ እየተሯሯጡ ሲያብዱ እሷ አንገቷን ቀጥ አድርጋ የራሷን ዓለም ይዛለች። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፍልስፍና ነው፤ በሽምግልናዬ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። ስለ መንፈስ እርጋታና ስለ ዝምታ ሁለት ሦስት ሐሳብ መጣልኝ። ያኔ ጥልቅ መስለውኝ ነበር፤ አሁን መድገሙ ያሳፍራል።

ሬዲዮ ግን ትከሻዬን ነክቶ ወደ ሸምበቆው አመለከተኝ። የሻዩ ነገር ነው። ራሴን ነቀነቅኩለት፤ ጎንበስ ብሎ ሐይቁን በስተጀርባ ዞሮ ከሸምበቆው ውስጥ ገባ። እህቴ ዞር ብላም አላየችው።

ሲመለስ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኗል። ዓይኑ ፈጧል። መጀመሪያ እግሩን ያመመው መስሎኝ ቦታ ለቀቅኩለት። አልተቀመጠም። ወደ ሐይቁ ጠቆመ፤ ከዚያ አጠገባችን ወደነበረው ዛፍ ሄዶ ግንዱን በጣቱ አንኳኳ። እንደገና ወደ ሐይቁ ጠቆመ፤ እንደገና አንኳኳ።

«ምን እያለ ነው?» አለች እህቴ፣ ከመነጽሯ ሳትላቀቅ።

«ግንደ ቆርቁር አይቷል መሰለኝ» አልኳት በሹክሹክታ።

ሬዲዮ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ በአየር ላይ በማይታይ ቢላ አንዳች ነገር መጥረብ ጀመረ። ጠረበ፣ ጠረበና የጠረበውን በእጁ ላይ አስቀምጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንሳፈፈው።

«ዳቦ ይቆረስ ነው የሚለው?» አልኩ።

«ጋሼ፣ አስተኛው በናትህ! ልታስበረግጉብኝ ነው!» አለችና ብድግ አለች። «ለሊቀመንበሩ መደወል አለብኝ። እዚህ ኔትወርክ የለም፤ ኮረብታው ላይ ልውጣ። ዓይናችሁን እንዳትነቅሉባት።»

ሬዲዮ የካፖርቷን ጫፍ ያዘ። አስለቀቀችው። ስትርቅ አያት፤ እኔን፣ ምስክሩን፣ አየኝ፤ ዳክዬዋን አያት። አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ከዚያ የታመመ እግሩን እየጎተተ ዳገቱን ተከትሏት መውጣት ጀመረ። ነገሩ ግራ ስለገባኝ እኔም ዓይኔን ከወፏ ነቅዬ ከኋላ ተከተልኩ።

ስንደርስባት ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው። ክንዷን ነካት። ሳትዞር መዳፏን አንስታ አስቆመችው፤ ወዲያው ስልኩ ተነሳ።

«ሊቀመንበር፣ እኔ ነኝ» አለች። «አየኋት። ነጭ ጉንጯን... ኧረ እኔ ቀልድ መቼ አውቃለሁ? ትንሿ ሐይቅ ላይ። አዎ፣ አሁን፣ ፊት ለፊቴ!»

ቃሉ የሬዲዮ ጥርስ ላይ ደርሶ ነበር፤ አየሁት። ግን በዚያች ቅጽበት ፊቷን አየ፤ እኔም አየሁ። ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶታል፣ ደረቷ ላይ ሣርና ጭቃ ተለጥፏል፣ ፊቷ ግን ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ሽልማት ይዛ የመጣች ዕለት የነበረው ፊት ነው። ሬዲዮ ከንፈሩን ገጠመ።

«እየመጡ ነው! ሁሉም!» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ባሏን ልታቅፍ ዞራ ቆመች። «ምን ሆነሃል? እግርህ ነው?»

ኮፍያውን አወለቀ። አንዴ እኔን ተመለከተኝ።

«እንጨት ናት» አለ።

የዕለቱ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። ድምፁ ሻክሮ የሌላ ሰው መሰለ።

«ምን?»

«ዳክዬዋ። እንጨት ናት። ሸምበቆው ውስጥ... ይቅርታ ጋሼ... ውኃዬን ስሸና ከወዲያ በኩል አየኋት። በዚያኛው ጎኗ ቀለሟ ተልጧል፣ ሆዷ ሥር ገመድ አለ። አዳኞች እውነተኞቹን ለማታለል የሚያንሳፍፏት ናት። ነፋሱ ነው ወዲህ ወዲያ የሚወስዳት።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ! ግንዱን አንኳኳሁልሽ! ጠርቤ አሳየሁሽ!»

«ጋሼ ግንደ ቆርቁር ነው አለኝ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የምስክርነት ዕዳ ቀላል አይደለም።

እህቴ ቁልቁል ወረደች። ሐይቁን ዞራ ሸምበቆው ውስጥ ገባች፤ ከላይ ሆነን ኮፍያዋን ብቻ እናያለን። ኮፍያው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ አይነሳም። ሊቀመንበሩ መኪና ሲነዳ ስልክ አያነሳም፤ ሥርዓት ያለው ሰው ነው።

«ሳልደውል መናገር ትችል ነበር» አለችው።

«እችል ነበር።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«መጀመሪያ ቅዳሜዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው» አለ። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። «ኋላ ደግሞ ስልክ ስታወሪ ፊትሽን አይቼ።»

«አሁንስ ለምን ተናገርክ?»

«ሰው ፊት ሳታውቂ እንድትቆሚ አልፈለግሁም። ቅዳሜው ቢቀር ይቅር።» ኮፍያውን መልሶ ደፋ፦ «ቃሌን አፍርሻለሁ። ምስክርም አለ።»

«ምስክሩ ጆሮው ከባድ ነው፤ ምንም አልሰማም» አልኩ።

«ጋሼ፣ አንተ እንኳ ዛሬ ምንም አትበል» አለች እህቴ። ልክ ነበረች።

ሁለት መኪናዎች ከሩቅ ቆመው ማኅበርተኞቹ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ መጡ። ሊቀመንበሩ ቴሌስኮፑን ታቅፎ ከፊት ነው፤ ከኋላው አንዲት ነርስ፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሌሎችም። እህቴ ልትቀበላቸው ወርዳ «አንድ ጊዜ ስሙኝ...» ብትል ሊቀመንበሩ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «እባካችሁ፣ መጀመሪያ...» ስትል ነርሷ በእጇ አፏን ልትይዝ ምንም አልቀራት። ሕጉ ሕግ ነው፤ ወፍ ፊት አይወራም። ሁሉም በሆዳቸው ተኙ።

ሊቀመንበሩ ቴሌስኮፑን አስተካክሎ አየ። አየ። አየ።

«እሷ ናት» አለ በመጨረሻ። «ሴት ናት። ወጣት ሴት።»

«ክንፏን ስታበጥር አየኋት» አለች ነርሷ።

«ዓሣ ዋጠች!» አለ መድኃኒት ቀማሚው።

መቼም የሰው ዓይን ከልቡ ቀድሞ አይሄድም። ልብ «አለች» ካለ ዓይን ክንፍ ያበጥርላታል፣ ዓሣም ያጎርሳታል። በዚህ ላይ አልፈርድም፤ እኔም ፍልስፍና አጉርሻት ነበር።

ሊቀመንበሩ ተነስቶ የእህቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ ውኃ አቅርሯል፤ ከብርድ ይሁን ከሌላ አላውቅም። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራችን ውስጥ ስምዎ...» አለና መጨረስ አቃተው። ከዚያ ሬዲዮን አየው። «ጋሽ ሬዲዮ፣ ምነው ዛሬ? ባትሪ ጨረሱ?»

ሬዲዮ የአንገት ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ትከሻውን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሲመሽ ባለቤቱ አዳኝ ገመዱን ስቦ ይወስዳታል። ብርቅ ወፍ ደግሞ መጥፋት ደንቡ ነው፤ የጠፋችው ለምንድን ነው ብሎ የሚመረምር የለም። እህቴ ባሏን ተመለከተች። እሱ በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ አንዳች የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ አንጋጦ ነበር። የገዛ አጎቱን ሌብነት እንኳ መደበቅ ያልቻለ ሰው፣ ይህን አንድ ነገር ከነነፍሱ ይዞ ለመቀበር ቆርጧል። እኔ የገባኝ ያኔ ነው። እሷም የገባት ያኔ ይመስለኛል፤ የሊቀመንበሩን እጅ ለቀቀች።

«ንገራቸው» አለች።

ሬዲዮ ዞሮ አያት። «ምኑን?»

እንዲህ ያለ ንጹሕ ፊት ሕፃን ላይ እንኳ አላየሁም።

«አንተ ሰውዬ፣ ንገራቸው አልኩህ! እኔ እንዳንተ ማሳመር አልችልበትም።»

የአንገት ልብሱን ቀስ ብሎ ከአፉ ላይ አወረደ። ማኅበርተኞቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ውርጭ ላይ የተቀመጡ፣ አንገታቸው በሻርፕ የታሰረ፣ የትም የማያመልጡ ሰዎች።

«እንግዲህ» አለ፣ «ነገሩ የሚጀምረው ከሻይ ነው።»

ከሻይ ጀመረ። የፔርሙዙን ልክ አሳየ። ሸምበቆውን አሳየ፤ ሸምበቆው ውስጥ ቆሞ ሲዝናና ዳክዬዋ ጎኗ ተልጦ ስትመጣበት የተሰማውን ድንጋጤ አሳየ። ግንዱን አንኳኳ። «ጋሼ ዳቦ ይቆረስ አሉኝ!» ሲል ሁለቱም እጆቹ ወደ ላይ ወጡ። የእህቴን በሆድ መተኛት አልተናገረም፤ ያቺን ለራሱ አስቀራት። ነርሷ ገና እሱ ገመዱ ጋ ሳይደርስ ገብቷት አፏን በጓንቷ አፍና መሬት ላይ ተንከባለለች። መድኃኒት ቀማሚው «ዓሣውስ?» እያለ ይጮሃል። ሊቀመንበሩ ተመልሶ ቴሌስኮፑ ላይ ተደፋ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ያለ ድምፅ፣ ቀጥሎ ከማኅበሩ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ወፍራም ሳቅ።

«ወጣት ናት አልኩ እንጂ» አለ እንባውን እየጠረገ፤ «ልክ ነኝ፤ ቀለሟ ገና አልደረቀም!»

በዚያ ሳቅ ትንሿ ሐይቅ ላይ የነበረው ወፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ዳክዬው፣ ከማዶ ማሳ ዝይው፣ ከትልቁ ሐይቅ ሽመላው ሳይቀር። ከራሳችን በላይ ሲያልፉ የክንፋቸው ነፋስ ፊታችን ላይ ደረሰ፤ ፀሐይዋ ከሥራቸው ሆዳቸውን አበራችው። እዚያ ቆመን እስኪርቁ አየናቸው፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ከታች ውኃው ላይ አንዷ ብቻ ቀረች፣ ቀስ ብላ ወደ ግራ ሄደች፣ ቆመች፣ ወደ ቀኝ ተመለሰች።

ስንመለስ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። እህቴ ጭቃ የጠጡ ካልሲዎቿን አውልቃ እግሯን ከማሞቂያው ሥር ዘርግታለች። ሬዲዮ ሞተሩን አስነስቶ ዝም ብሎ ይነዳል። ሕጉ መኪና ውስጥ አይሠራም፤ እሱ ግን እስር ቤቱ ተከፍቶለት መውጣቱን እንደተጠራጠረ እስረኛ ሆኗል። ማሳዎቹ ሲያልቁና ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ እህቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሻይ አታብዛ» አለች።

መኪናዋ ትንሽ ተወዛወዘች።

«የትኛው ቅዳሜ?»

«መንገዱን እያየህ ንዳ።»

መንገዱን አየ። ነዳ። ጥቂት እንደሄድን ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንድ እጁ ከመሪው ላይ ተነሳ።

«እንግዲህ ሊቀመንበሩ ቴሌስኮፑን ሲተክል...» ብሎ ጀመረ፣ ገና ከመጀመሪያው፣ እኛ እዚያ እንዳልነበርን ሁሉ።

«እኛም እኮ ነበርን» ልለው አፌን ከፈትኩ። እህቴ ወደ ኋላ ዞረችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።